የሪከርደር ማይክና ኃይል፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለመመረቂያ ጽሑፉ ቃለ መጠይቅ የሚቀዳ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ፣ መዝሙር የሚቀዳ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ጣና ዳር ቆሞ ለዩቲዩብ የሚያወራ ወጣት፣ የአያቱን ቀረርቶ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው። ሁሉም «የትኛው ማይክ ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። እኔም «ማይኩ ኃይል ከየት ያገኛል?» ብዬ እመልሳለሁ። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን ከሚመጡልኝ ችግሮች የሚበዙት የሚፈቱት እዚያ ነው።

ሪከርደሬ የራሱ ማይክ አለው። ሌላ ለምን ልግዛ?

ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የአብዛኞቹ የእጅ ሪከርደሮች ማይክ ክፉ አይደለም። የዘጌን ጫካ ወፎች፣ የገበያን ጫጫታ፣ የማኅሌትን ድባብ ለመቅዳት ይበቃል።

ችግሩ ርቀት ነው። በክፍት ቦታ ከተናጋሪው ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምጹ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። የባጃጁ ጩኸት ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ውጫዊ ማይክ የሚገዛው በዋናነት ወደ አፍ ለመቅረብ ነው። ሪከርደሩን ራሱን በትንሽ ትራይፖድ አቁማችሁ ማስጠጋት ከቻላችሁ ገንዘባችሁ ይቆይ። በእጅ ይዞ መቅዳት ግን ይቅርባችሁ፤ የጣት ንክኪ ሁሉ ይገባል።

ማይኩን ሰካሁት፤ ምንም ድምጽ የለም። ተበላሽቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ኃይል አላገኘም እንጂ።

ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ኃይል አይፈልግም። መድረክ ላይ ዘፋኞች የሚይዙት፣ ወንፊት የመሰለ ክብ ራስ ያለው ሹር ኤስኤም 58 የዚህ ወገን ነው። ድምጹ ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል ማግኔት አጠገብ ያንቀጠቅጠዋል፣ ኤሌክትሪኩ ከዚያ ይወጣል። የሚወጣው ግን ትንሽ ነው፤ በተለመደው መለኪያ 2 ሚሊቮልት ገደማ። ርካሽ ሪከርደር ላይ ስትሰኩት ጌኑን (የማይኩን ድምጽ የሚያጎላውን) እስከ ጫፍ ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ «ሽሽሽ» የሚል ነገር አብሮ ይመጣል። ሽሽታው የሪከርደሩ ነው፣ ማይኩን አትክሰሱ።

ኮንደንሰር የሚባለው ኃይል ይፈልጋል። ኃይሉን የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ ይለያያል። ደረት ላይ የሚሰኩት ትንንሾቹ ማይኮች በቀጭኑ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ በኩል ከሪከርደሩ ጥቂት ቮልት ይወስዳሉ። ይህ ፕለግ ኢን ፓወር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቮልት ነው። ሪከርደሩ ሜኑ ውስጥ ማብሪያ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው። «ማይኬ ሞተ» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይኼ ነው። ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ደግሞ ሦስት እግር ባለው የኤክስ ኤል አር መሰኪያ 48 ቮልት ይፈልጋሉ። ይህኛው ፋንተም ፓወር ነው። ሁለቱ አይተካኩም። 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክ ገዝታችሁ፣ በአስማሚ ገመድ ቀጭኑ ቀዳዳ ውስጥ ብትሰኩት ዝም ነው የሚላችሁ። ሻጩ «በዚህች ገመድ ይሠራል» ካላችሁ እዚያው ሰክቶ ያሰማችሁ።

ሌላም አለ። ለስልክ የተሠራ የደረት ማይክ ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው። የሪከርደርና የካሜራ ግን ሁለት ነው። ባለ ሦስቱን ሪከርደር ላይ ስትሰኩት አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፣ አንዳንዱ ጭራሽ እምቢ ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት ቀለበቶቹን ቁጠሩ። በየሱቁ የምታገኙት ቦያ ኤም 1 ባለ ሦስት ቀለበት ነው፤ 6 ሜትር ገመድና ለስልክና ለካሜራ መቀያየሪያ ማብሪያ አለው። ለሪከርደር «ካሜራ» ላይ ታደርጉታላችሁ፤ ያኔ ውስጡ ካለችው የሰዓት ባትሪ ይሠራል። ባትሪዋ ካለቀች ዝም። በነገራችን ላይ የዚህ ማይክ ፌኩ በጣም ብዙ ነው፤ ማሸጊያውን አይታችሁ ሳይሆን ቀድታችሁ ሰምታችሁ ግዙ።

48 ቮልት ማይኬን አያቃጥለውም?

ትክክለኛ ገመድ ካለው ዳይናሚክ ማይክ አይቃጠልም። ቮልቱ በሁለቱም የድምጽ ሽቦዎች እኩል ስለሚመጣ በሽቦ ጥቅሉ ውስጥ የሚሄድ ነገር የለም። የሚያሰጋው ውስጡ ሾርት ያደረገ ገመድ፣ የድሮ ሪበን ማይክ (በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚሠራ) እና ከኤክስ ኤል አር ወደ ቀጭን ጃክ የሚቀይር ተራ አስማሚ ነው። የማያስፈልጋችሁ ከሆነ አጥፉት። ስታጠፉና ስታበሩም ጌኑን ዝቅ አድርጉ፤ «ጧ» የሚለው ድምጽ ለሄድፎን ለባሽ ጆሮ ደግ አይደለም።

48 ከየት መጣ ለምትሉ፦ በ1966 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ኖይማን ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ ኬኤም 84 የሚባል ማይክ ሠራ። የሬዲዮው ስቱዲዮዎች ለመጠባበቂያ መብራት የዘረጉት 48 ቮልት ነበራቸው። ማይኩም በዚያው እንዲሠራ ተደረገ። ዓለም በዚያው ቀረ።

ከሰርግ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሚክሰር በቀጥታ ልቅዳ?

ቅዱ፤ ግን ማይክ ቀዳዳ ውስጥ አትሰኩ። ከሚክሰር የሚወጣው እስከ 1 ቮልት የሚደርስ ነው፣ የማይክ ቀዳዳ የሚጠብቀው ደግሞ ጥቂት ሚሊቮልት። ድምጹ ይቀደዳል፣ በኋላ በኮምፒውተር አይታረምም። ሪከርደሩ «ላይን» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ። ከሌለው ድምጽ የሚቀንስ ገመድ ፈልጉ። ፕለግ ኢን ፓወርም ፋንተምም ይጥፉ። ሚክሰሩን የያዘው ሰው ሲነካካው የእናንተም ቅጂ አብሮ ይዋዥቃልና የሪከርደሩን የራሱን ማይክ በሌላ ትራክ አብራችሁ አስቀሩ።

ጣና ዳር የቀዳሁት ሁሉ «ብውውው» ይላል። ምን ልግዛ?

ማይክ አትግዙ። ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ግዙ።

ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ዳር ላይ ቡና የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ለፊት ደስ ይላል፤ ለማይክ ግን መከራ ነው። ማይኩ ላይ የሚመጣው ጥቁር ስፖንጅ ለ«ጰ» እና ለ«ፐ» እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ፀጉራሙ መከላከያ ግን ነፋሱን ፀጉሩ ውስጥ ይሰባብረዋል። የትኛውም ውድ ማይክ ያለ እሱ ጣና ዳር ከሰዓት ዋጋ የለውም። ካጣችሁት በሰው ሠራሽ ፀጉር ጨርቅ ልብስ ሰፊ ያሰፋችሁ፤ ከስፖንጁ ላይ ደርቡት፤ ጨርቁ ራሱ አየር የሚያሳልፍ መሆኑን አፋችሁን አስጠግታችሁ እፍ ብላችሁ እዩ።

ሪከርደሩ ውስጥ ወፍራሙን ድምጽ የሚቆርጥ «ሎው ከት» የሚል ማጣሪያ አለ። ለንግግር 80 ኸርዝ ላይ አብሩት። ነፋስን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የማይኩን ድምጽ አስቀድሞ የቀደደ ነፋስ ከሆነ ማጣሪያው አያድነውም።

ከተቻለ ግን ጠዋት ቅዱ። ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው። የታንኳ ቀዛፊዎቹም፣ ጉማሬዎቹም፣ ወፎቹም ጠዋት ይሻላሉ፤ ባጃጁም ገና አልበዛም።

ለበገና፣ ለማሲንቆና ለከበሮ አንድ ማይክ ይበቃል?

ይበቃል፤ ግን ቦታው ይለያያል። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው በዚህ ነው።

በገና ዝግ ያለ ድምጽ ነው። ያ የሚንዘረዘረው ነገር የሚመጣው በ10ሩ አውታሮችና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት እንዚራዎች ነው። እሱን ለማግኘት የራሱ ጫጫታ ዝቅተኛ የሆነ ኮንደንሰር ያስፈልጋል። የማይክ ወረቀት ላይ «የራስ ጫጫታ» (ሰልፍ ኖይዝ) የሚለውን ፈልጉ። ሮድ ኤንቲ 1 ኤ 5 ዴሲቤል ነው፤ በጣም ዝቅተኛ። ርካሽ የደረት ማይክ 30 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለቃለ መጠይቅ ልዩነቱ አይታይም፤ ለበገና ግን ሁሉም ነገር ነው። ሎው ከቱንም አጥፉ፤ የበገናን ወፍራም ድምጽ ይበላዋል።

ማሲንቆ ይጮሃል። አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ማይኩን ቆዳው ላይ ፊት ለፊት ካቆማችሁት ጆሮ ይወጋል። ከጎን፣ ከአዝማሪው አገጭ ከፍታ ላይ አድርጉት፤ ግጥሙም አብሮ ይገባል። ግጥም ያልገባበት የአዝማሪ ቅጂ ምን ያደርጋል? ዋሽንት ላይ ደግሞ ከአፉ በኩል ሳይሆን ከጣቶቹ በኩል፤ ትንፋሹ ማይኩን አይመታውም።

ከበሮ ላይ ዳይናሚክ ያሸንፋል። ለከበሮ ብቻ ግን ማይክ አትግዙ። ያላችሁን ኮንደንሰር ራቅ አድርጉና ጌኑን ዝቅ አድርጉ። ስክሪኑ ላይ ያለው የድምጽ ልኬት ከፍ ባለው ምት ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ማኅሌት ላይ ከዝማሜው ወደ ወረቡ ሲገባ ድምጹ በአንዴ ስለሚነሳ፣ ዝም ባለው ሰዓት ሳይሆን በሞቀው ሰዓት ነው የምትለኩት።

የትኛውን የባትሪ ድንጋይ ልጠቀም?

በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ካርቦን ዚንክ ነው። ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት ጥሩ ነው። ሪከርደር ግን ብዙ ይስባል፣ በተለይ ፋንተም ሲበራ፤ ያ ድንጋይ ቶሎ ይንበረከካል። ውስጥ ከረሳችሁትም ይፈሳል፣ መገናኛውን ይበላል።

አልካላይን ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ቮልቱ 1.2 ነው፣ የአልካላይን 1.5። ለዚህ ነው ሪከርደሩ ገና ሳይጠቀሙበት «ሊያልቅ ነው» የሚለው። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን ዓይነት ቀይሩ፤ ልኬቱ ይስተካከላል። 2,000 ገደማ ሚሊአምፔር ሰዓት ያላቸውን ግዙ። «4,500» ተብሎ የተጻፈበት ደብል ኤ ካያችሁ እለፉት፤ እንዲህ ያለ የለም።

አሁን ደግሞ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ባለ 1.5 ቮልት የሊቲየም ድንጋይ መጥቷል። አልወደውም። ቮልቱ እስከ መጨረሻው ስለማይወርድ ሪከርደሩ «ሙሉ ነው» እያለ ድንገት ይጠፋል። ውስጡ ያለው መቀየሪያም አንዳንዴ ጫጫታ ያስገባል። 3.7 ቮልት የሚለውንማ በጭራሽ አታስገቡ፤ መጠኑ ከደብል ኤ ጋር አንድ ነው፣ ሪከርደሩን ያቃጥላል።

ስንት ሰዓት ይቆያል? እንደ ሪከርደሩ ነው። ዙም ኤች 4 ኤን በ2 ደብል ኤ በተለመደው አሠራር 6 ሰዓት ገደማ ይባልለታል፤ ኤች 6 በ4 ድንጋይ 20 ሰዓት። ፋንተም ስታበሩ ይህ በጣም ይቀንሳል። ሌሊት ሙሉ ለሚቆም ማኅሌት ከወረቀቱ ግማሹን ብቻ እመኑ።

ፓወር ባንክ ስሰካበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ለምን?

ፓወር ባንኩ የተሠራው ለስልክ ነው። ስልክ ሲሞላ የሚስበው ይቀንሳል፤ ባንኩም «ሞልቷል» ብሎ ይዘጋል። ትንሽ ሪከርደር ገና ከመጀመሪያው የሚስበው ያን ያህል ትንሽ ስለሆነ ባንኩ ማንም የተሰካበት አይመስለውም። አንዳንዱ ባንክ ለትንንሽ ዕቃ የሚሆን ሁነታ አለው፤ ብዙ ጊዜ ማብሪያውን ሁለቴ በመጫን ይበራል። ከሌለው፣ ሁለት መውጫ ካለው በሌላኛው በኩል ትንሽ የዩኤስቢ አምፖል ሰኩ። ነገሩ ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

10,000 የሚለውን ቁጥርም እንዳለ አትቁጠሩ። እሱ የተለካው በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ሲባክን 6,000 ገደማ ይቀራል። 300 ሚሊአምፔር ለሚስብ ሪከርደር 20 ሰዓት ማለት ነው። ይበቃል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የምታስመጡ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከ100 ወሰን በታች ነው፤ ችግር የለበትም።

ቮልቱንም አንብቡ። የኤች 4 ኤን መሰኪያ ክብ ነው፣ 5 ቮልት ነው። የድሮው ኤች 4 ግን 9 ቮልት ነበር። «ገባ» ማለት «ይስማማል» ማለት አይደለም።

ከሶኬት ብሰካው አይቀልም?

ለቢሮ ቃለ መጠይቅ ይሆናል። ሁለት ጣጣ ግን አለው።

አንደኛው «እምምም» ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ርካሽ ቻርጀርና ያልተሠራ ኤርዝ ሲገናኙ ይህ በማይክ ገመድ ውስጥ ይገባል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙ፤ ድምጹ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። ረጅም ቀጭን ጃክ ያለው ገመድም ይህን ይለቅማል። ከጥቂት ሜትር በላይ ካስፈለጋችሁ የኤክስ ኤል አር ገመድ ተጠቀሙ፤ እሱ አሥርና ሃያ ሜትር ቢረዝምም አይገደውም። የማይኩን ገመድ ከዲቫይደሩ ገመድ ጋር አታጠላልፉት። ለበገናማ ከሶኬት አትቅዱ፤ «እምምም»ውን ላጥፋ ስትሉ የበገናውንም ወፍራም ድምጽ አብራችሁ ታጠፋላችሁ።

ሁለተኛው መብራቱ ራሱ ነው። ሲሄድ ሪከርደሩ ፋይሉን ሳይዘጋ ይጠፋል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ዜሮ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ቮልቱ ዘልሎ ይመጣል። ሶኬት ላይም ሆናችሁ ድንጋዩ ውስጥ ይኑር። ብዙ ሪከርደር ወደ ድንጋዩ ራሱ ይዞራል፤ የእናንተው ያንን ማድረጉን ግን ቤት ውስጥ እየቀዳችሁ ቻርጀሩን በመንቀል ፈትኑ። ረጅም ዝግጅት ላይም በየመሀሉ አቁማችሁ እንደገና ጀምሩ።

«ድድድት ድድድት» የሚለው ምንድን ነው?

ስልካችሁ ነው። ከገመዱ አርቁት ወይም አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። የተጠያቂውንም።

ዋየርለስ ማይክስ?

ለሚንቀሳቀስ ሰው አሪፍ ነው። ለተቀመጠ ሰው ሌላ ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ መጨመር ብቻ ነው። ሰውነት ሲግናሉን ይጋርደዋል፤ ማይክ የለበሰው ሰው ጀርባውን ከሰጣችሁ መቆራረጡ አይቀርም።

ክረምትና እርጥበት?

ኮንደንሰር እርጥበት ሲገባው «ጭርጭር» ይላል። ዳይናሚክ ግድ የለውም። ጢስ ዓባይ ውኃው የሚሞላው በክረምት ማብቂያ ላይ ነው፤ የሚቀዳም ያኔ ነው፣ ፏፏቴው የሚረጨው ጭጋግም የሚበዛው ያኔ ነው። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ድምጹ እንደሆነ ይደርሳችኋል። ቤት ስትመለሱ ማይኩን ከጫማ ካርቶን ከምታገኟት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ጭርጭር ካለ አድርቁት እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ወደ ገዳማቱ ስሄድ ምን ልያዝ?

መጀመሪያ ፈቃድ። ከዚያ ቀላል ዕቃ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ቀጂዋ ሴት ከሆነች ሪከርደሩን ለማያውቀው ሰው ልትሰጥ ነው፤ ስለዚህ ጌኑን አስተካክላ፣ ቁልፎቹን ቆልፋ፣ «ቀዩን ብቻ ተጫን» ብላ ትስጠው። ጀልባው ላይ ያለውን ሰዓት ለመቅዳት አትድከሙ፤ ሞተሩ ሁሉንም ይውጣል። ሚሞሪ ካርዱን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ፤ በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከምን ልጀምር?

ሪከርደሩ ካላችሁ ከፀጉራም መከላከያና ከሁለት ዙር ቻርጅ ከሚደረግ ድንጋይ ጀምሩ። ከዚያ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፤ ሳይሰሙ መቅዳት ቁማር ነው። ከዚያ የደረት ማይክ። ትልቁ ኮንደንሰር በመጨረሻ፣ እሱም ሪከርደሩ ኤክስ ኤል አር ካለው ብቻ።

ያገለገለ ሪከርደር ልገዛ ነው። ምን ልፈትሽ?

የድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ድንጋይ ፈሶበታል፤ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ጃኩ ላይ ማይክ ሰክታችሁ ወዘወዝ አድርጉ፤ «ጭርርት» ካለ ላልቷል። ፋንተም ካለው ሁለቱንም ቀዳዳዎች በየተራ 48 ቮልት በሚፈልግ ማይክ ሞክሩ፤ አንዱ ብቻ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳትሰኩ ጌኑን ከፍታችሁ ትንሽ ቅዱና በሄድፎን ስሙት። ሻጩ «ድንጋይ የለኝም፣ ግን ይሠራል» የሚል ከሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።